ዓይን የሚከፍት ወርቅ

በቤንሻንጉል፣ በአሶሳ ዙሪያ፣ በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች ወርቅ የሚፈለገው ከወንዝና ከጅረት ዳር አፈር ነው። ሴቶቹ አፈሩን በእንጨት ገበቴ ይዘግናሉ፤ ውኃ ይጨምሩበታል፤ ከዚያም ገበቴውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሽከረክሩታል። ቀላሉ ጭቃ ከውኃው ጋር በጠርዙ በኩል ይወጣል። ጠጠሩ በእጅ ይለቀማል። በመጨረሻ ከሥር አንድ ጭብጥ የማይሞላ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ያንን አሸዋ በትንሽ ውኃ ወደ አንድ ወገን ሲገፉት ከኋላው ቢጫ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ይከብዳል። የገበቴው ሥራ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ክብደት ላይ ነው፤ ሌላው ሲታጠብ የሚቀረው እሱ ነው።

ስለ ሂንዱ ሃይማኖት ጥበብ ከቤንሻንጉል ተነስቶ መጻፍ ሩቅ መንገድ መዞር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሂንዱን ጥበብ የሚያስተዋውቁ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአማልክቱ ነው፤ ባለ አራት እጁን፣ የዝሆን ራስ ያለውን፣ በአንበሳ ላይ የተቀመጠችውን አንድ በአንድ ያስተዋውቁናል። እኔ ልከተል የምፈልገው ቁሱን ነው፦ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ጭቃውን። በዚህ ሃይማኖት ውስጥ ቁስ ለሐሳብ ማሸጊያ ሆኖ አያውቅም። ራሱ ትርጉም አለው፣ ራሱ ሥራ ይሠራል። ከቁሶቹ ሁለቱ ደግሞ ለብዙ ዘመናት ከእኛ አገር፣ በተለይም ከምዕራቡ ቆላ፣ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር።

ከወርቁ እንጀምር። ለሂንዱ አማኝ ወርቅ የላክሽሚ ነው፤ ላክሽሚ የሀብትና የመልካም ዕድል አምላክ ናት። ስለዚህ ወርቅ የት እንደሚደረግ ደንብ አለው። በጆሮ፣ በአፍንጫ፣ በአንገትና በእጅ ይደረጋል፤ እግር ላይ ግን በልማዱ አይደረግም። አልቦው ከብር ይሠራል፣ አምላክ ያለችበት ነገር መሬት ለመሬት አይጎተትምና። የመብራት በዓል የሆነው ዲዋሊ ሲገባ፣ ዳንቴራስ በሚባለው ቀን፣ የቻለ ወርቅ ይገዛል፤ ያልቻለ ቢያንስ የብረት ዕቃ ወደ ቤቱ ያስገባል። በብዙ የሕንድ አካባቢዎች ሙሽራ አንገቷ ላይ የሚታሰርላት ማንጋልሱትራ ጥቁር ዶቃና ወርቅ የተሰካበት ነው፤ ባሏ በሕይወት እስካለ አይፈታም። ለቤተ መቅደስም ወርቅ ይሳላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ ሕንድ፣ በኬራላ ግዛት የሚገኘው የፓድማናባስዋሚ ቤተ መቅደስ ምድር ቤቶች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲከፈቱ፣ በዘመናት የተጠራቀመው የስለት ወርቅ ዓለምን ጉድ አሰኝቷል።

ይህን ያህል ወርቅ የሚወድ አገር ከራሱ መሬት የሚያወጣው ግን ትንሽ ነው። ስመ ጥሩው የኮላር ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘግቷል። ሕንድ ከጥንት ጀምሮ ቅመምና ጨርቅ እየሸጠች ወርቅ ስትገዛ ኖራለች። በመጀመሪያው ምዕት ዓመት ሮማዊው ፕሊኒ፣ ሕንድ በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ሴስተርስ ከግዛታችን ትወስዳለች ብሎ አማሯል። የሮም ሳንቲም ሕንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተበስቶ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያለበት ገንዘብ እዚያ ጌጥ ሆነ።

ታዲያ የእኛስ ወርቅ? በ6ኛው ምዕት ዓመት የኖረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ የመን ውስጥ ወደነበረው ወደ ሂምያር መንግሥት ሊዘምት በሚሰናዳበት ጊዜ አዱሊስ ወደብ ነበር። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ሰዎቹን ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ ይልክ እንደነበር ጽፎልናል። ነጋዴዎቹ ከ500 ይበልጣሉ። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ ደርሰው በእሾህ አጥር ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱንም በአጥሩ ላይ ያደርጋሉ። የአገሬው ሰው ይመጣና ደስ ባለው ነገር ላይ አተር የሚያህሉ የወርቅ ፍሬዎችን አስቀምጦ ይርቃል። ሻጩ ዋጋው ከበቃው ወርቁን ያነሳል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ ገዢውም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን መልሶ ይወስዳል። ቋንቋ ለቋንቋ ስለማይግባቡ ገበያው የሚካሄደው ያለ ንግግር ነው። ጉዞው መሄጃና መመለሻውን ጨምሮ 6 ወር ይፈጃል። በርካታ የታሪክ ተመራማሪዎች ሳሱን ፋዞግሊና ቤንሻንጉል ካሉበት፣ ከዛሬው የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር አካባቢ ጋር ያገናኙታል።

ይህ ወርቅ አክሱም ገብቶ ሳንቲም ሆነ። ከ3ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ ኢንዱቢስ ካስቀረጸው አንስቶ የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ አውጥተዋል፤ ከዚህ ገንዘብ በደቡብ ሕንድ የተገኘ አለ። በአጸፋው ከሕንድ ወደ እኛ የመጣው ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በትግራይ፣ በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኙ፤ ነገሩን ለዓለም ያሳወቀው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ነው። ሳንቲሞቹ ሰሜን ሕንድንና መካከለኛው እስያን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ናቸው፦ የቪማ ካድፊሴስ፣ የካኒሽካ፣ የሁቪሽካና የቫሱዴቫ። ገዳሙ በ6ኛው ምዕት ዓመት በአቡነ አረጋዊ ተመሠረተ ከሚለው ትውፊት ብንነሳ ሳንቲሞቹ ገዳሙን በ300 ዓመት ገደማ ይቀድሙታል።

የቪማን ሳንቲም ገልብጠው ሲያዩት አንድ አምላክ ቆሟል። በእጁ ባለ ሦስት ጫፍ ጦር ይዟል፤ ከኋላው ሻኛው ከፍ ያለ በሬ አለ። በኋለኞቹ ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ ያው አምላክ ስሙ በግሪክ ፊደል ተጽፎለት ይታያል። ባለ ሦስት ጫፉ ጦርና በሬው እስከ ዛሬ የሺቫ መለያ ናቸው፤ በሕንድ ውስጥ ወደ አብዛኞቹ የሺቫ ቤተ መቅደሶች የገባ ሰው በሩ ፊት ተኝቶ የሚያገኘው ያንኑ በሬ ነው። ከሺቫ ቀደምት ምስሎች የሚቆጠሩ እነዚህ ቅርጾች በኢትዮጵያ ክርስቲያን ገዳም፣ ያውም በገመድ ካልሆነ በማይወጣበት አምባ ላይ፣ ተጠብቀው መገኘታቸው እጅግ ይደንቀኛል። ከንግዱ አንጻር ግን እንግዳ ነገር አይደለም። በሶቆጥራ ደሴት ሆቅ በሚባል ዋሻ ውስጥ ጥንታውያን መርከበኞች በግድግዳው ላይ ከ200 በላይ ጽሑፎች ትተዋል። አብዛኞቹ በሕንድ ብራህሚ ፊደል የተጻፉ የሕንዶች ስሞች ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን በእኛ ፊደል የተጻፉ የአክሱማውያን ስሞችም አሉ። አንድ ጨለማ ዋሻ ውስጥ፣ በችቦ ብርሃን፣ ሁለቱም ስማቸውን ጽፈዋል።

አሁን ወደ ምስሉ አሠራር እንግባ፤ ከሂንዱ ጥበብ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነውና። በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ፣ በካቬሪ ወንዝ አጠገብ፣ ስዋሚማላይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የምስል አፍሳሾች ቤተሰቦች እዚያ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣውን ሥራ ይሠራሉ። ሥራው የሚጀምረው በመለካት ነው፤ መለኪያው ደግሞ የኮኮናት ቅጠል። ሠሪው ከቅጠሉ የምስሉን ቁመት የሚያህል ቀጭን ቁራጭ ይወስድና እያጠፈ ይከፋፍለዋል። አንዱ ክፍል የፊት ቁመት ነው፤ አምላኩ ዘጠኝ ወይም አሥር ፊት ያህል ይቆማል። ትከሻው፣ ወገቡ፣ ጉልበቱ በዚያ ቅጠል ላይ በእጥፋት ይታወቃሉ።

ቀጥሎ ከንብ ሰምና ከሙጫ በተቀላቀለ ነገር የምስሉ ሙሉ አካል ይሠራል፣ እስከ ጣት ጥፍርና እስከ አልቦው። ሰሙ በወንዙ ደለል ይለበጣል። የመጀመሪያው ልባጭ በጣም የላመ ነው፤ ትንሿን መስመር ሁሉ የሚይዘው እሱ ነው። ከላይ ሻካራው ይደረባል፤ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያም ይሞቃል፣ ሰሙም ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ማዕድን ይፈስሳል። ማዕድኑ በአብዛኛው መዳብ ነው፤ ነገር ግን በደንቡ አምስት ዓይነት መሆን ስላለበት ወርቅና ብር በጥቂቱ ይጨመራሉ፤ ምስሉን ያሠሩት ምእመናን ከጌጣቸው የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ሰሙ ቀልጧል፣ ጭቃው ተሰብሯል፤ ያንን ምስል የሚደግም ሁለተኛ አይወጣም። በዚሁ ዘዴ የአገራችን አንጥረኞች መስቀል ሲያፈስሱ ስለኖሩ የአክሱምና የላሊበላ ባለሙያ ስዋሚማላይ ቢሄድ ሥራውን በዓይኑ ብቻ ይረዳዋል። ከ9ኛው እስከ 13ኛው ምዕት ዓመት የነገሡት የቾላ ነገሥታት ያሠሯቸው፣ ዛሬ የዓለም ሙዚየሞች የሚኮሩባቸው የሚጨፍር ሺቫ ምስሎች የተወለዱት ከዚህ ሙያ ነው።

ዓይኑ ግን ገና ነው። ምስሉ ተሞርዶና ተወልውሎ ሲያልቅ ዓይኖቹ ሳይከፈቱ ይቆያሉ። በተመረጠ ሰዓት፣ ጸሎት ተደርሶ፣ ሠሪው በወርቅ መርፌ ወይም በወርቅ ጫፍ መሮ የዓይኑን መስመር ይስላል። አምላኩ በመጀመሪያ የሚያየው ነገር መልካም እንዲሆን መስታወት፣ ላም ከነጥጃዋ፣ የእህል ክምር ፊቱ ይቀርባሉ። ምስሉ በሚቀደስበት ሥርዓት ላይ ካህናቱ እስትንፋስን ወደ ምስሉ ይጠራሉ። ከዚያ በፊት መዳብ ነበር፤ ሠሪው ይቀመጥበታል፣ ይረግጠዋል፣ ይመታዋል። ከዚያ በኋላ እንግዳ ተቀባይ ቤት ውስጥ እንደገባ ንጉሥ ይስተናገዳል፤ ጠዋት ይቀሰቀሳል፣ በወተትና በሰንደል ውኃ ይታጠባል፣ ሐር ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ ማታ ይተኛል።

ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ እዚህ ላይ ታቦትን ማሰቡ አይቀርም። ሳይባረክ እንጨት ወይም ድንጋይ የሆነው በጳጳስ ሲባረክ ሌላ ክብር ያገኛል፤ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ በበዓሉ ቀን በጥላ ሥር በዝማሬ ይወጣል። በደቡብ ሕንድም ከቤተ መቅደሱ ውስጠኛ ክፍል የማይንቀሳቀስ የድንጋይ ምስል አለ፤ ለበዓል የሚወጣው ሌላ፣ ከነሐስ የተሠራው ነው። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። ታቦት ከዓይን ይሰወራል። የሂንዱ ምስል የተሠራው እንዲታይ፣ ከዚያም በላይ እንዲያይ ነው። ምእመኑ ቤተ መቅደስ የሚሄድበት ዋና ጉዳይ ዳርሻን ይባላል፤ ከአምላኩ ጋር ዓይን ለዓይን መገናኘት ማለት ነው። መጋረጃው ሲከፈት ሕዝቡ የሚገፋፋው ለዚህ ነው። የወርቁ መርፌ ሥራም እዚህ ላይ ይገባናል፤ ዓይን ካልተከፈተ የሚጠብቀው የለም። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለ ልብስ፣ ያለ አበባ፣ ያለ ዘይት የቆመው የቾላ ምስል ለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ። ቅርጹ ሙሉ ነው፤ የሚጎድለው የሚያየው ሕዝብ ነው።

አብዛኞቻችን የዚህን ሃይማኖት ዕቃዎች ያወቅናቸው ከፊልም ነው። «ማዘር ኢንዲያ»ን፣ ከእሷም በኋላ የመጡትን የሕንድ ፊልሞች በሲኒማና በቪዲዮ ቤት ያየ ኢትዮጵያዊ፣ እናትየዋ የናስ ሳህን ላይ መብራት አብርታ በምስሉ ፊት በክብ ስታዞር አይቷል። መብራቱ የአምላኩን ፊት ከላይ እስከ ታች ያሳያል፤ ከዚያ ሳህኑ ለሰዉ ይዞራል፣ ሁሉም መዳፉን ከነበልባሉ በላይ አድርጎ ወደ ዓይኑ ይወስዳል። ለዚህ ትልቅ ሕንጻ አያስፈልግም። በሕንዶች ቤት ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይበቃል።

ሁሉም ነገር ደግሞ ዘላቂ አይደለም። በኮልካታ ኩማርቱሊ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር አለ። በየዓመቱ ዱርጋ ለምትባለው አምላክ በዓል ከገለባና ከወንዝ ጭቃ ግዙፍ ምስሎች ይሠራሉ፤ ይቀባሉ፤ ዓይናቸው ይሳላል፤ ለቀናት ይመለካሉ፤ ከዚያም ተሸክመው ወስደው ወንዝ ውስጥ ይሰዷቸዋል። ጭቃው ወደመጣበት ይመለሳል። ዩኔስኮ ይህን በዓል እ.ኤ.አ. በ2021 በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በታሚል ናዱ ሴቶች በየማለዳው ደጃቸውን ጠርገው በሩዝ ዱቄት ሐረግ ይስላሉ፤ እስከ ማታ ጉንዳን ይበላዋል፣ እግር ይረግጠዋል፤ ነገ እንደገና ይሳላል። የቤንሻንጉሉን የበርታ ሕዝብ፣ ዋዛ የሚባሉትንና ቅል ከቅል ጋር እየተሰካ የሚሠሩትን ረጃጅም መለከቶች ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ቅል ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል፤ ድምፁ የሚኖረው ሠሪው አዲስ ቅል መምረጥና መገጣጠም ስለሚችል ነው። ቅርስ ሲባል ድንጋይ ብቻ የሚታየን ሰዎች ከሁለቱም ብዙ የምንማረው ያለ ይመስለኛል።

ወደ ንግዱ ልመለስ። በ19ኛው ምዕት ዓመት ከአባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ ላይ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በቅፍለት ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ምጽዋ ላይ የሚጠብቁት ባንያኖች ናቸው፤ ከጉጃራት የመጡ፣ አብዛኞቹ ሂንዱ የሆኑ፣ ሥጋ የማይቀምሱ ነጋዴዎች። ጨርቅ ያስመጣሉ፣ ገንዘብ ያበድራሉ፣ የዳህላክን ዕንቁ ይገዛሉ፤ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ቦምቤይ ይልካሉ። ወርቅ አንዴ ከቀለጠ የትውልድ ቦታውን ይረሳል። መንገዱ ግን ይታወቃል፤ ከቤንሻንጉል ጅረት በአንድ ጫፍ፣ ከሕንድ አንጥረኛ ወናፍ በሌላው። 

የወርቁን መንገድ ስናደንቅ አብሮት የሄደውንም መናገር ግዴታ ነው። ከሱዳን በኩል የግብፁ መሐመድ አሊ በ1820ዎቹና 30ዎቹ እ.ኤ.አ. ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ጦሩን ወደ ፋዞግሊ ሰድዷል፤ ራሱም መጥቶ አይቷል። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቤንሻንጉልን ሲይዙ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንና ጎረቤቶቻቸው በየዓመቱ ለምኒልክ ወርቅ እንዲገብሩ ሆነ። ወርቁን የሚያጥበው ድሃው በርታ ነበር። ከወርቁና ከጥርሱ ጎን ሰውም ይሸጥ ነበር፣ እስከ 20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አሥርታት ድረስ። የሰው እንባ ያለበትን ነገር ጌጥ ብሎ ብቻ ማለፍ ለጥበቡም አይመጥነውም።

የዝሆን ጥርሱ ታሪክ ከወርቁ የበለጠ ግልጽ ነው። ኮስማስ ራሱ፣ የኢትዮጵያ ዝሆኖች ትልልቅ ጥርስ ስላላቸው ጥርሱ በመርከብ ወደ ሕንድ እንደሚሄድ ጽፏል፤ ዝሆን የሞላባት አገር የዝሆን ጥርስ ከእኛ ትገዛለች። ምክንያቱ አምባሩ ነው። በጉጃራትና በራጃስታን ሙሽሮች ከእጅ አንጓ እስከ ክንድ የሚደረደር የዝሆን ጥርስ አምባር ያደርጉ ነበር። አምባሩ የሚሠራው ጥርሱን በስፋቱ በመቁረጥ ነው፤ ቀለበቱ ክንድ እንዲያሳልፍ ጥርሱ ወፍራም መሆን አለበት። የአፍሪካው ወፍራም ነው፤ ለመጋዝም ይለሰልሳል። የሕንዷ ሴት ዝሆን የሚታይ ጥርስ የላትም፣ ከወንዶቹም የሌላቸው ብዙ ናቸው። ባል ሲሞት አምባሩ ይሰበራል። በየሠርጉ አዲስ ይገዛል፣ በየሐዘኑ ይሰበራል፤ ፍላጎቱ አያልቅም። በምዕራቡ ቆላ፣ ከዳቡስ ወንዝ እስከ ሱዳን ጠረፍ፣ ዝሆን ሲታደን የኖረው በከፊል አንዲት የማትታወቅ የጉጃራት ሙሽራ ክንድ ላይ ስለሚፈለግ ነበር።

የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ታገደ፤ ሕንድም በ1991 የዱር እንስሳት ሕጓን አሻሽላ ከአፍሪካ የገባውን ጥርስ ጭምር ከገበያ አስወጣች። ሥርዓቱ አልቀረም። ሙሽሮቹ ዛሬም ቀይና ነጭ አምባር ይደረድራሉ፤ አምባሩ ፕላስቲክ ነው። ጠራቢዎቹም ወደ ሰንደል እንጨትና ወደ አጥንት ዞሩ። በእኛ በኩል መንግሥት ለዓመታት ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች እየያዘ ያከማቸውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስና ከጥርሱ የተጠረቡ ጌጣጌጦች በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አቃጥሏል። ከተቃጠሉት መካከል ተቆርጠውና ተሞርደው ያለቁ አምባሮችና የአንገት ጌጦች ነበሩ።